የስፖርት መኪና ጎማ ይቀያየራል ወይ? መልሱ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል

ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ያውም በዚህ የስታዲየም ግርግር መሀል፣ ስለ ጎማ ለመስማት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የተናገርኩትን በጽሑፍ ስጠን ያላችሁኝ ብዙ ናችሁና ይኸው። አንዳንድ ቦታ ጨምሬበታለሁ። የጠየቃችሁኝንም መጨረሻው ላይ አስገብቻለሁ።

ከተማችን ውስጥ ጎማ ማቀያየር ከዘይት ጋር አብሮ የሚሄድ ልማድ ነው። ዘይት ሲቀየር "ጎማውንም አቀያይርልኝ" ይባላል። የፊቱ ወደ ኋላ፣ የኋላው ወደ ፊት ይሄዳል፣ ንፋስ ይሞላል፣ በቃ። ለቪትዝ ወይም ለያሪስ ይህ ጥሩ ልማድ ነው። አራቱም ጎማ እኩል ነው። መኪናውን የሚጎትተው የፊት እግሩ ነው፣ መሪ ሲዞር የሚዞረውም እሱ ነው፣ ፍሬን ሲያዝም ክብደቱ ወደዚያው ይመጣል፤ ስለዚህ የፊቱ ቶሎ ያልቃል። ወደ ኋላ ስንወስደው ያርፋል፣ የኋላው በተራው ይሠራል። አንድ ነገር ግን ያዙልኝ። ማቀያየር ጎማ እንዳያልቅ አያደርግም። ማለቁን ለአራቱ ያካፍላል እንጂ።

ችግሩ የሚጀምረው ይሄው ልማድ ሳይጠየቅ ወደ ስፖርት መኪና ሲሻገር ነው። "የእኔ መኪና ጎማ ይቀያየራል?" ብሎ የመኪናውን ስም ብቻ የሚነግረኝ ሰው አለ። በስም ብቻ መመለስ አይቻልም። ሙስታንግን እንውሰድ። እንደ ፈረንጆቹ በ2015 የመጣው ትውልድ፣ መደበኛው ጂቲ አራቱም እግሩ ላይ 235/50 የ18 ቸርኬ ጎማ ያደርጋል። ፐርፎርማንስ ፓኬጅ ያለው ጂቲ ግን ከፊት 255/40፣ ከኋላ 275/40 ነው፣ ሁለቱም የ19 ቸርኬ። ያው ስም፣ ያው ቅርጽ፣ ያው ሞተር። የመጀመሪያው ጎማ ይቀያየራል። የሁለተኛው የፊቱ ወደ ኋላ አይሄድም። ይህን የምታውቁት ፊቱ ላይ ካለው የፈረስ ምልክት ሳይሆን ጎማው ጎን ላይ ካለው ቁጥር ነው።

ቁጥሩን ለማታውቁት በአጭሩ። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ወርድ ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። የመጨረሻው የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። ከዚህ በኋላ የምትፈልጉት ሁለት ምልክት ብቻ ነው። አንዱ ቀስት ነው፤ አጠገቡ ሮቴሽን የሚል ጽሑፍ ይኖራል፣ ጎማው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሽከረከር የተሠራ ነው ማለት ነው። ሌላው አውትሳይድ የሚል ጽሑፍ ነው፤ ያ ፊት ሁልጊዜ ወደ ውጭ መታየት አለበት። መኪናችሁ አጠገብ ቁጢጥ በሉና አራቱንም አንብቡ። አንዱን አንብባችሁ ሌላውን አትገምቱ፣ በተለይ መኪናውን ከሰው ገዝታችሁት ከሆነ።

አሁን ፋብሪካው ለምን የኋላውን እንደሚያሰፋ እንይ። ለውበት የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። 992 የሚባለው ትውልድ ፖርሽ 911 ካሬራ ከፊት 235/40 የ19፣ ከኋላ 295/35 የ20 ጎማ ያደርጋል። ሞተሩ ያለው ኋላ ነው፣ ጉልበቱም የሚወጣው በኋላ እግሩ ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከም ጎማ ሰፊ መሆን አለበት። ሌላም ምክንያት አለ፣ እኔ ትልቁ የምለው። መኪና በኩርባ ላይ ከአቅሙ በላይ ሲነዳ ወይ የፊቱ ቀድሞ ይንሸራተታል፣ ወይ የኋላው። የፊቱ ሲንሸራተት አብዛኛው ሹፌር ነዳጅ ይለቃል፣ መኪናው ይቀንሳል፣ ይመለሳል። የኋላው ቀድሞ ሲያመልጥ ግን መኪናው ይዞራል፣ ያንን የሚመልሰው በጣም ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ ፋብሪካው የኋላውን በማስፋት የፊቱ ቀድሞ እንዲንሸራተት ያደርጋል። ጠባቡን ጎማ ወደ ኋላ መውሰድ ይህን ጥበቃ ማፍረስ ነው። የ911ዱን ቁጥር ብታሰሉት ደግሞ የኋላው ጎማ ዲያሜትር ከፊቱ በ4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበልጣል። ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስም፣ መኪናው እንዳይንሸራተት የሚጠብቀው ሲስተምም የየእግሩን ፍጥነት እያነጻጸሩ ነው የሚሠሩት። መጠኑ ሲገለበጥ የሚያነቡት ሁሉ ይዛባል። አንዳንዱ መኪና ላይ እንዲያውም የኋላው ቸርኬ የፊቱን ትልቅ ፍሬን አያልፍም፣ ገና ሲገጠም ይነካል።

እዚህ ላይ ከስፖርት መኪና ትንሽ ልውጣ፣ ምክንያቱም ከናንተ መሀል ፖርሽ ያለው ጥቂት ነው። ከቦሌ እስከ ሜክሲኮ ያለውን መንገድ ቆማችሁ እዩ፣ ፎልክስዋገን አይዲ 4 ሞልቷል። የአይዲ 4 የፊት ጎማ ወርዱ 235 ነው፣ የኋላው 255። ቤተሰብ የሚጫንበት የኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ ግን የጎማው ነገር ልክ እንደ ስፖርት መኪና ነው። ባትሪው ከባድ ነው፣ ጉልበቱም እንደረገጣችሁት ወዲያው ይመጣል፣ የኋላ ጎማውን ይበላል። ባለቤቱ እንደ ድሮው "አቀያይርልኝ" ይላል፣ ጎሚስታውም ቁጥሩን ሳያይ ያቀያይራል። አይዲ 4 የምትነዱ ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው ለናንተም ነው። የፊትና የኋላ ጎማችሁ ቦታ አይለዋወጥም። የኋላውን ጥንድ ከፊቱ ቀድማችሁ እንደምትገዙ ከአሁኑ አስቡና ገንዘብ አዘጋጁ።

ወርዱ የተለያየ ከሆነ ታዲያ ምንም አይደረግም ማለት ነው? የቀረው ቀኝና ግራ ማለዋወጥ ነው። አብዛኛው ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልሂድ።

የስፖርት መኪና ጎማ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ በውስጠኛው ጠርዝ ነው። ምክንያቱም የጎማው አናት ወደ መኪናው ውስጥ ትንሽ ዘመም እንዲል ተደርጎ ነው የሚገጠመው። ኔጋቲቭ ካምበር የሚባለው ይሄ ነው። መኪናው ኩርባ ላይ ሲጋደም የውጭው ጎማ ቀጥ ብሎ መንገዱን በሙሉ ወርዱ እንዲይዝ ያደርገዋል። ጥሩ ነገር ነው። ግን የእኛ መንዳት ምን ይመስላል? ከፒያሳ በቸርችል ወደ ለገሃር መውረድ፣ መስቀል አደባባይ መብራት መጠበቅ፣ ካዛንቺስ ላይ መጎተት። ኩርባው ጥቂት ነው፣ ቀጥታው ብዙ ነው። ቀጥታ ላይ ደግሞ ክብደቱ የሚያርፈው ውስጠኛው ጠርዝ ላይ ነው። መኪናውን ስፕሪንግ ቀይራችሁ ዝቅ አድርጋችሁት ከሆነ ዘመም ማለቱ ይጨምራል፣ መብላቱም እንዲሁ።

ከውጭ ስታዩት ጎማው ጥርሱ ሙሉ ነው። መሀሉም ደህና ነው። ውስጡ ግን ሽቦው ሊወጣ ደርሷል። መኪናው ዝቅ ያለ ስለሆነ ካላነሳችሁት አይታይም። ይህ ያስፈራኛል፣ እውነቴን ነው። በአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ የተፈቀደው 120 ነው፣ እንዲህ ያለ ጎማ ይዞ እዚያ ፍጥነት ላይ የሚሄድ ሰው ምን ላይ እንደተቀመጠ አያውቅም።

እንግዲህ ቀኝና ግራ ብናለዋውጠው ይድናል? እንደ ጎማው ዓይነት ነው። አውትሳይድ የሚል ጽሑፍ ያለበት ጎማ ከነቸርኬው ከቀኝ ወደ ግራ መሄድ ይችላል። ግን አስቡት። የውጭው ፊት እዚያም ሄዶ ወደ ውጭ ነው የሚታየው። ውስጡ ያው ውስጥ ነው። የተበላው ጠርዝ አሁንም እዚያው ይበላል። የሽክርክሩ አቅጣጫ ብቻ ነው የተቀየረው። በቀኝ በኩል ስለምንነዳ አደባባይ በዞርን ቁጥር ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሄዳል፣ ስለዚህ ቀኝና ግራው እኩል ካላለቀ ማለዋወጡ ያንን ያስተካክላል። የውስጡን ጠርዝ ግን አያድንም።

ቀስት ያለበት ጎማ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከነቸርኬው ወደ ሌላው ጎን አይሄድም፣ ቀስቱ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ዝናብ ላይ ውሃውን የሚገፋበት ቦይ በተቃራኒው ይሠራል። ከቸርኬው ወጥቶ፣ ተገልብጦ፣ የሌላው ጎን ቸርኬ ላይ ከገባ ግን ቀስቱ ትክክል ይሆናል፣ እና ውስጥ የነበረው ጠርዝ ወደ ውጭ ይወጣል። ማለትም ወርዱ ከፊትና ከኋላ የተለያየ መኪና ላይ የውስጥ ጠርዝ መበላትን በእውነት ማካፈል የሚቻለው በዚህ ጎማ ነው። ድካም አለው። አራት ጎማ ማውጣት፣ አራት ጎማ መግጠም፣ አራት ባላንስ። የሚያዋጣው ልዩነቱ ገና ትንሽ እያለ ነው። ጠርዙ ሊያልቅ ከተቃረበ በኋላ አታድርጉት። የደከመ ጠርዝ ወደ ውጭ ስታወጡ ኩርባ ላይ ሙሉውን ጭነት የሚሸከመው እሱ ይሆናል።

እና ይህ ሥራ በብረትና በመዶሻ አይሠራም። የስፖርት ጎማ ጎኑ አጭርና ደረቅ ነው። ቸርኬውን የሚነክሰው ጠርዝ አንዴ ከተቀደደ ጎማው ሞቷል። ጎሚስታዎቻችንን አከብራለሁ፣ ሌሊት ዝናብ ላይ ስንቱን ሰው ያነሱ ናቸው፤ ይሄ ግን የማሽን ሥራ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የውስጥ ጠርዝ እየተበላ ከሆነ ማቀያየር መድኃኒቱ አይደለም። ካምበር ብቻውን ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። ቶሎ የሚጨርሰው ጎማዎቹ እርስ በርስ ትይዩ መሆናቸውን ሲያጡ ነው፣ አንዱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ትንሽ ሲያይ። ጎማው እየተንከባለለ ሳለ ወደ ጎንም ይጎተታል። ለዚህ አንድ ጉድጓድ ይበቃል። ዋና ዋናው መንገድ ተሠርቶ አምሮበታል፣ ገባ ስትሉ ግን ኮብልስቶኑ አለ፣ የተከፈተ ማንሆል አለ፣ ምልክት የሌለው ጉብታ አለ። በእጃችሁ ፈትሹት። መዳፋችሁን በጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ አሳልፉት። በአንዱ በኩል ልስልስ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጭር ከሆነ አላይመንቱ፣ ማለትም የጎማዎቹ አቅጣጫ፣ ሄዷል። ያንን ጎማ ማቀያየር ችግሩን ወደ ሌላ ጎማ ማስተላለፍ ነው፤ በአንድ ጥንድ ፈንታ ሁለት ጥንድ ትጥላላችሁ። አስቀድማችሁ አላይመንት አሠሩ። ስታሠሩ ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ የነበረውን ቁጥር የሚያሳየውን ወረቀት ጠይቁ። የኋላ እግሩንም እንዲለኩ ንገሯቸው፣ የፊቱን ብቻ አስተካክሎ መሸኘት የተለመደ ነው።

አሁን አራቱ ጎማ እኩል ወደሆነላቸው ልምጣ። ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ 205/45 የ17። ጎልፍ ጂቲአይ፣ 225/40 የ18። የቶዮታ 86ም አራቱ እኩል ነው። እነዚህን አቀያይሩ፣ በደስታ። ግን ተመሳሳይ ጎማ የተለያየ ስፋት ባለው ቸርኬ ላይ ሊገጠም ስለሚችል ቸርኬው ላይ ያለውንም ቁጥር እዩ።

በኋላ እግሩ የሚነዳ ከሆነ የኋላዎቹ በየጎናቸው ቀጥታ ወደ ፊት ይመጣሉ፣ የፊቶቹ ተሻግረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በፊት እግሩ የሚነዳ ከሆነ የፊቶቹ ቀጥታ ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹ ተሻግረው ወደ ፊት። ቀስት ካላቸው መሻገር የለም፣ ቀጥታ ብቻ። ለተራ መኪና ከ8,000 እስከ 12,000 ኪሎ ሜትር ይባላል። የስፖርት ጎማ ለስላሳ ነው፤ ጎኑ ላይ ትሬድዌር የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ቶሎ ያልቃል፣ ብዙዎቹ የስፖርት ጎማዎች ከ200 እስከ 300 ሲሆኑ የተራ መኪናው 500 ከዚያም በላይ ይሆናል። ስለዚህ እኔ ከ5,000 እስከ 8,000 ባለው ጊዜ አድርጉት እላለሁ።

ከኪሎ ሜትሩ የበለጠ የማስብበት ግን ክረምቱ ነው። ውሃ በተኛበት መንገድ ላይ የኋላው ጎማ ጥርስ ካነሰው መኪናው ከኋላ ይንሳፈፋል፣ ያንን በመሪ መመለስ ከባድ ነው። የተሻለው ጥንድ ሁልጊዜ ከኋላ ይሁን። አሁን ይህን ከማቀያየር ጋር አያይዙት። በኋላ እግሩ የሚነዳ መኪና ላይ ያለቀው የኋላው ነው፣ ስለዚህ ግንቦት ላይ ስታቀያይሩ ደህናው ጥንድ ለሰኔና ለሐምሌ ወደ ኋላ ይሄድላችኋል። እንደ ጎልፍ በፊት እግሩ የሚነዳው ላይ ግን ተቃራኒ ነው። ያለቀው የፊቱ ነው፣ ግንቦት ላይ ብታቀያይሩት ደካማውን ጥንድ ለክረምቱ ከኋላ አስቀመጣችሁት ማለት ነው። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ከሆነ ችግር የለም። ሁለት ሚሊ ከደረሰ እስከ መስከረም ተዉት። ለዚህም ነው ቶሎ ቶሎ፣ ልዩነቱ ሳይሰፋ ማቀያየር የሚሻለው።

የጥርስ መለኪያ ግዙ። ርካሽ ነች፣ ኪስ ውስጥ ትገባለች። እያንዳንዱን ጎማ ሦስት ቦታ ለኩ፣ ውስጥ፣ መሀል፣ ውጭ፣ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። መሀሉ ካለቀ ንፋስ በዝቷል። ሁለቱም ጠርዝ ካለቀ ንፋስ አንሷል። አዲስ ጎማ ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። 1.6 ላይ ጥርሱ መሀል ካለው ምልክት ጋር እኩል ይሆናል፣ በብዙ አገር ሕጉ እዚያ ጋ ነው የሚቆመው። ለእኛ ክረምት 3 ሚሊ ላይ ቀይሩ ባይ ነኝ።

ቅዳሜና እሑድ ብቻ ለምታወጡት ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የናንተ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ ተከትሎ መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ እንደ ፈረንጆቹ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ አስፈትሹት። አሥር ዓመት የሞላውን፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም፣ ጣሉት። ሰፊ የስፖርት ጎማ እንደ ልብ አይገኝም፣ ሶማሌ ተራ ዞራችሁ አንድ ጥንድ ስታገኙ በደስታ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ቁጥር እዩ። ገዥ የሌለው መጠን መደርደሪያ ላይ ብዙ ይቆያል።

ከጥያቄዎቹ ሦስቱን ላንሳ።

አንድ አባት "ራዲያል ጎማ ከጎን ወደ ጎን አይሻገርም ይባል ነበር፣ ምን ትላለህ?" ብለው ጠየቁኝ። ልክ ነዎት አባቴ፣ በራዲያል መጀመሪያ ዘመን እንዲያ ይመከር ነበር። ዛሬ የሚሠራው ጎማ ቀስት ከሌለው ይሻገራል።

አንዲት እህት ሱባሩ ደብልዩአርኤክስ አላት፣ አንዱ ጎማዋ ተቀዶ አንድ ብቻ አዲስ ልትገዛ ነው። እህቴ፣ አራቱም እግሩ የሚነዳ መኪና ላይ የአንዱ ጎማ ዙሪያ ከሌሎቹ ሲለይ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ እግሩ የሚያካፍለው፣ መሀል ያለው ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ይሞቃል፣ ይጎዳል። ሱባሩ የሚፈቅደው የዙሪያ ልዩነት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የቀሩት ሦስቱ አዲስ የሚባሉ ካልሆኑ አራቱንም ለውጪ። ይጎዳል፣ አውቃለሁ፣ ዲፈረንሻሉ ግን የበለጠ ይጎዳል። ማቀያየር ለማንም ግዴታ ከሆነ እንዳንቺ ላለው መኪና ነው፣ አራቱ አብረው እንዲያልቁ።

አንድ ወጣት ደግሞ ካቀያየርኩ በኋላ መኪናው ተንቀጠቀጠብኝ አለ። ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ባላንሱን አስፈትሽ። ኋላ እያለ የማይሰማህ የባላንስ ጉድለት ፊት ሲመጣ መሪው ላይ ይሰማል። ከዚያ ንፋሱን እይ፤ የፊትና የኋላው የንፋስ ልክ የተለያየ ከሆነ ጎማው ቦታ ሲቀይር ንፋሱም መቀየር አለበት፣ ልኩ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለካው። የንፋስ ሴንሰር ካለውም የቱ ጎማ የት እንዳለ እንደገና ማስተማር ያስፈልጋል። በመጨረሻ ዳዶዎቹ። በንፋስ በሚሠራው መፍቻ ብቻ ካጠበቁልህ አንዱ ከልክ በላይ፣ ሌላው ከልክ በታች ሊሆን ይችላል። በሚለካ ቁልፍ፣ በኮከብ ቅርጽ፣ በፋብሪካው ልክ ይጥበቅ። የሙስታንጉ 204 ኒውተን ሜትር ነው፣ የኤምኤክስ-5 ከዚያ በብዙ ያንሳል፣ ስለዚህ የራስህን መጽሐፉ ላይ ፈልግ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ በዚያው ቁልፍ ደግመህ ፈትሻቸው።